አስታማሚን ማን ያስተምረው?

ተናጋሪዎቹ ሁለት ሴቶች ናቸው። መምህርቷ አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዘመን ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ታናሽ ወንድማቸውን ያስታምማሉ። ነርሷ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች ናት፤ በምትሠራበት ጤና ተቋም ቅዳሜ ከሰዓት ለታካሚ ቤተሰቦች ትምህርት ትሰጣለች። መምህርቷ ትምህርቱን ተከታትለው ሲጨርሱ "አሁን ደግሞ ደብተርሽን አምጪና እኔ ላርምልሽ" አሏት። ቀጥሎ ያለው የዚያ እርማት ምልልስ ነው። የተቋሙና የታማሚው ስም ቀርቷል፤ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህርት፦ ሳልደባብቅ ልንገርሽ፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ወደቀ። መብራቱን አጥፍተሽ "የስኪዞፍሬኒያ ምልክቶች" የሚል ስላይድ ግድግዳው ላይ አበራሽ። ከጎኔ የተቀመጡት አባት ወዲያው አንቀላፉ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲተኛ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

ሲስተር፦ የተማሪው ነው ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ቲቸር።

መምህርት፦ የአስተማሪዋ ነው። እኚያ ሰው ምልክቱን ካንቺ በላይ ያውቁታል። ልጃቸው ሌሊት በሩን ሲቆልፍና ሲከፍት፣ ቴሌቪዥኑን "ያየኛል" ብሎ በጋቢ ሲሸፍነው አብረውት ያድራሉ። የበሽታ ስም ፍለጋ አልመጡም። "ነገ ጠዋት ሲነሳ ምን ልበለው?" ብለው ነው የመጡት።

ሲስተር፦ ስሙም እኮ ይጠቅማል። ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ቆይተው "ምኑን ነው የታመመው?" ሲባሉ "ጭንቀት ይሉታል መሰለኝ" የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሐኪሙ ፊት የሚቀመጡት ለጥቂት ደቂቃ ነው። "ይተኛል? ይበላል? ኪኒኑን ይወስዳል?" ይባላሉ፤ ማዘዣ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ይጠራል። ውጭ ያለውን ወረፋ ያውቁታል።

መምህርት፦ አውቀዋለሁ። እኔም የወንድሜን በሽታ ስም ከሐኪም አልሰማሁም፤ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሰርቄ አይቼ ነው። ግን ስሙን ንገሪንና ቶሎ እለፊው። ሦስተኛውን ቅዳሜ አስታውሺ። ያን ቀን ማን አንቀላፋ?

ሲስተር፦ የጋዜጣውን ማለትዎ ነው? እሱ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው ምን እንደሚሆን ለማየት በብዙ አገር የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ሲሠለጥኑ የሚሠሩት ልምምድ ነው።

መምህርት፦ የማንም ይሁን። መሐል አስቀመጥሽኝ፤ ፊት ለፊቴ ቆመሽ "ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ኪሎ ምስር፣ ስትመለሺ ደግሞ ሳሙና" እያልሽ አስቤዛ ታዥኛለሽ። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ ጋዜጣ ጠቅልሎ ጆሮዬ ላይ ደቅኖ "አትስሚያት፣ ትዋሽሻለች፣ የማትረቢ ነሽ፣ ሁሉም እያዩሽ ነው" ይለኛል። ሽንኩርቱን ብቻ ያዝኩ። ዘይቱም ምስሩም ጠፋኝ። ጭራሽ አንቺን ተቆጣሁሽ፤ ለምን ረጋ ብለሽ አትናገሪም ብዬ። ማታ ቤት ስገባ ወንድሜ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ፤ ስኳር የለበትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ምን ዓይነት ሰው ነህ?" እለው ነበር።

ሲስተር፦ ለዚያች "ምን ዓይነት ሰው ነህ" እኮ ስንት ዓመት ጥናት ተደርጎላታል። በ1950ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ጆርጅ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ከሆስፒታል የወጡ ታማሚዎችን ከባልደረቦቹ ጋር ተከታተለ። ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው የተመለሱት፣ ክፍል ተከራይተው ወይም ከወንድምና እህት ጋር ከሚኖሩት ይልቅ ብዙ ጊዜ አገረሸባቸው። ሰው የሚገምተው ተቃራኒውን ነው። ከዚያ ዘመዶቹ ስለ ታማሚው ሲያወሩ በቴፕ እየቀዱ፣ የሚናገሩትን ቃል ከነድምፃቸው ቃና መረመሩ። በ1972 እና በ1976 የወጡት ጥናቶች እንዳሳዩት ትችት፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ መጨነቅ በበዛበት ቤት የሚኖር ሰው በዘጠኝ ወር ውስጥ የማገርሸት ዕድሉ ከሌላው በጣም ይበልጣል። በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት አብረው የሚውሉ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

መምህርት፦ ይኸው መጣሽ። ዞሮ ዞሮ በሽታው ከኛ ምላስ ነው የመጣው ልትይ ነው።

ሲስተር፦ እንዲያ ያሉ ነበሩ። ፍሪዳ ፍሮም-ራይክማን የምትባል የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1948 ስኪዞፍሬኒያን የምታመጣ የእናት ዓይነት አለች ብላ ጻፈች። ስንትና ስንት ዓመት አሜሪካ ውስጥ እናቶች ሐኪም ቤት ሲገቡ እንደ ተጠርጣሪ ይታዩ ነበር። ሐሳቡ ማስረጃ አጥቶ ወደቀ፤ ቁስሉ ግን ቀረ። በ1979 ማዲሰን በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ቤተሰቦች ተሰብስበው ናሚ የሚባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ አንዱ ምሬታቸው ይኸው መወቀሳቸው ነበር። የብራውን ጥናት በሽታው ከየት መጣ አይልም። ከመጣ በኋላ የቤቱ ውጥረት ምን ያደርገዋል ነው ጥያቄው። እኔም ስለዚህ ጥናት ስናገር ፊታችሁን እያየሁ ነው፤ አንዲት እናት አንገታቸውን ከደፉ የነገርኩት ነገር መርዝ ሆኗል ማለት ነው።

መምህርት፦ እዚህ አገር ወቀሳው በሌላ በር ነው የሚገባው። "እናትየዋ ምን በድላ ይሆን?" "አያቱ የማንን ርስት ነቅለው ነው?" ይባላል። እናቴ እስክትሞት የእርግማኑን ምንጭ ስትፈልግ ኖረች፤ ከጎረቤት ጋር በአጥር የተጣላችበትን ቀን ሳይቀር ነፍስ አባቷ ጋ ሄዳ ተናዝዛለች።

ሲስተር፦ ብቻቸውን አልነበሩም። ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ ቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶችን ጠይቀው ነበር፤ ጥናቱ በ2001 ወጣ። ከ178 ዘመዶች ሦስት አራተኛው መገለል ይሰማናል ብለዋል። ራሳቸውን የሚወቅሱም አሉ፤ ወደ 37 በመቶው ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ታማሚ መኖሩን መደበቅ ይፈልጋሉ።

መምህርት፦ ከደባቂዎቹ ውስጥ እኔንም ጻፊኝ። ለእህቴ ልጅ ሽማግሌ ሲመጣ ወንድሜን ሰርቪስ ቤት አስገብተን ድምፁ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍተን ዘጋንበት። ሽማግሌዎቹ "ሌላ ወንድም ነበራችሁ መሰለን" ሲሉ "ውጭ አገር ነው" አልን። ኋላ ስንሰማ ለካ የልጁ ወገን ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል፤ ውሸታችንን ቁጭ ብለው አዳመጡ።

ሲስተር፦ "በዘራቸው አለ" እንዳይባል?

መምህርት፦ ሌላ ምን አለ? እኔ ራሴ ሜንዴልን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሴትዮ! ይህን ትምህርት ለኔ ስጪኝ፤ ስላይድም አልፈልግም። በዕድሜው ዘመን ከመቶ ሰው አንድ ገደማ ይታመማል። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው ላይ ወደ አሥር ይጠጋል፤ ስለዚህ ዘጠናው አይነካቸውም። አጎቷ የታመመባት ልጅ ላይ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ሽማግሌ ፊት በጣት ተቆጥሮ የሚያልቅ ሒሳብ ነው።

ሲስተር፦ ወደ ትችቱ ልመልስዎትና... ቻንዲጋር በምትባል የሰሜን ሕንድ ከተማ የተደረገ ጥናት ከለንደን ቤተሰቦች በጣም ያነሰ ትችት ነው የቆጠረው። እኛ ጋ ምን ይመስልዎታል?

መምህርት፦ እኛ ጋ አሽሙሩን በምን ትቆጥሪዋለሽ? ማን ፊት ለፊት ይተቻል? እናቴ ለድመቷ ነበር የምትነግራት። "አንቺ እንኳ አይጥ ትይዣለሽ" ትላታለች፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል።

ሲስተር፦ ቻንዲጋርም ድመቷን ረስተዋት ይሆናል።

(እዚህ ላይ ሁለቱም ሳቁ። ነርሷ ድመቷን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈቻት።)

መምህርት፦ ከልክ ያለፈ መጨነቅ ያልሽው ግን ከአሽሙሩ ይልቅ አስደነገጠኝ። ፍቅር ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ነዋ። እሳት ይፈጀዋል ብዬ ምድጃ አላስነካውም ነበር። ልብሱን አወጣለታለሁ፤ ሲወጣ ከኋላ ከኋላው እከተላለሁ። ያ ስኳር የሌለው ሻይ መጥፎም ቢሆን ከስንት ጊዜ በኋላ ራሱ ያፈላው ነው።

ሲስተር፦ ስለ ወጡስ? ለቡድኑ የነገሩንን ይድገሙልኝ፤ ለቀጣዩ ዙር መነሻ ላደርገው ነው።

መምህርት፦ ወንድሜ "ወጡ ውስጥ መርዝ አለበት" ሲል ቤታችን ውስጥ ሁለት ዓይነት መልስ ብቻ ነበር። ወይ "ዛሬ ደግሞ ምን ነካህ!" ብሎ መጮህ፣ ወይ "እሺ፣ እሺ፣ ደፋነው" ብሎ ማባበል።

ሲስተር፦ ሲከራከሩት እምነቱን ለማስረዳት ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ሲስማሙለት ደግሞ ምስክር አገኘ።

መምህርት፦ እንዳስተማርሽን "እኔ መርዝ አይታየኝም፤ አንተ እንደፈራህ ግን ይታየኛል" አልኩት። ዝም አለ። ከአንድ ትሪ ቀረብን፤ እኔ በቆረስኩበት በኩል እጁን እየላከ በላ። ጥርጣሬው እንዳለ ነው፤ ምሳው ግን ተበላ። አንቺ ደግሞ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ማስተማር የነበረብሽ ይህን ነው።

ሲስተር፦ እሺ፣ ይታረማል። ስለ መድኃኒቱስ ምን ይላሉ?

መምህርት፦ እሱ ላይ እንኳ ንዴቴ አልበረደም። ያንቺን ተቋም አይደለም የምልሽ። ወንድሜ መጀመሪያ የታከመበት ቦታ መርፌ ወጉት፤ ኪኒን ሰጡን፤ ሄድን። በማግስቱ አንገቱ ወደ ጎን ተጠማዘዘ፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ አልወርድ አለ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። አጎቴ "ይኸው፣ መርፌው ቢነካው ጊዜ ራሱን ገለጠ፤ መንፈስ ነው" አለ። ማን ይከራከረዋል? በዓይናችን አየነዋ! ኪኒኑን ሽንት ቤት ከተትነው፤ እሱን ጠበል ወሰድነው። ወደ ሕክምና የተመለሰው ብዙ ከከፋ በኋላ ነው።

ሲስተር፦ የታወቀ የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። ሀሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡንቻን እንዲህ ያኮማትራሉ። ማፍቻ መድኃኒት አለው፤ በመርፌ ከተሰጠ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል።

መምህርት፦ በደቂቃዎች! እኛ በዚህች የተነሳ ዓመታት ከሰርን። "አንገቱ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ከሆነ አትደንግጡ፣ ወዲያው ይዛችሁት ኑ" ብሎ መናገር ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

ሲስተር፦ ይህን በየመድኃኒቱ ነው ማድረግ ያለብን። አንዱ ሰውየውን ቁጭ ብድግ ያሰኘዋል፤ ቤተሰብ "ባሰበት" ብሎ ያስባል። ሌላው፣ ለምሳሌ ኦላንዛፒን፣ ያወፍራል፤ "ተስማማው" ተብሎ እልል ይባላል፣ ስኳሩን የሚለካለት ግን የለም። ደግሞ የተሻለው ሰው ኪኒኑን ሲያቆም ለሳምንታት ምንም ላይሆን ይችላል። "ይኸው ያለ መድኃኒት ዳነ" ይባላል። ኋላ ሲያገረሽ ከማቆሙ ጋር የሚያያይዘው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው እንኳ ምልክቶቹ ከጠፉለት በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቀጥል ነው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚመክረው።

መምህርት፦ ጠበሉን ግን አትንኪብኝ።

ሲስተር፦ መቼ ነካሁት? ሰው ያለ እምነቱ አይታከምም። "ጠበል የያዘ ኪኒን አይውሰድ" የሚለው ላይ ነው ክርክሬ። በ2007 አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አይጋጩም፤ አብረው ይወሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። የፓትርያርኩ ቃል ለዚያኛው ሕመም ከሠራ ለዚህኛው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ "ጠዋት ጠበልዎን ይጠመቁ፤ ማታ ከእራት በኋላ ኪኒንዎን ይዋጡ" ነው የምለው። የማታ ከሆነ ከጾሙም ጋር አይጋጭም።

መምህርት፦ አምስተኛው ቅዳሜ ላይ፣ እኚያ አንቀላፍተው የነበሩት አባት እጃቸውን አወጡ። "እኔ ልጄን አስራለሁ" አሉ። አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ሌላው መሬት መሬት ያያል። እኔ አንቺን ነበር የማይሽ፤ አሁን ስብከት ትጀምራለች ብዬ።

ሲስተር፦ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

መምህርት፦ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያስሩት?" አልሻቸው። ሰውዬው ግራ ገባቸው። "ማታ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ።" "የሚፈቱትስ?" "ሲነጋ፣ እናቱ ስትነሳ።" ለካ ሰውዬው ቀን ድንጋይ ሲፈልጡ ይውላሉ። ልጁ ሌሊት ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ አንድ ሌሊት መኪና ሊበላው ለጥቂት ነው የተረፈው። ካላሰሩት አይተኙም፤ ካልተኙ ነገ መዶሻ ማንሳት አይችሉም፤ መዶሻው ካልተነሳ ቤቱ አይበላም። ጭካኔ ነው ብዬ የተዘጋጀሁበት ነገር የሌሊት ተረኛ ማጣት ሆኖ አገኘሁት።

ሲስተር፦ ማሰሩ ልክ ነው አላልኳቸውም፤ ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ልጁ ቁርጭምጭሚቱ ቆስሏል፤ ከቁስሉ ይልቅ ደግሞ ውርደቱ አይሽርም። ግን "አይሰሩ" ብዬ ብሸኛቸው ያን ሌሊት ምን ያደርጋሉ? ቁጭ ብለን ሌሊቱን በሰዓት በሰዓት ከፋፈልነው። እንቅልፍ የሚያመጣውን ኪኒን ጠዋት ጠዋት ነበር የሚሰጡት፤ ሐኪሙን አማክረን ወደ ማታ ተዛወረ። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅም ነበር፤ ይህን ደግሞ ለሐኪም የነገረው አልነበረም። የአክስቱ ልጅ በሳምንት ሁለት ሌሊት እየመጣ ያድራል። ሰንሰለቱ ቤት ውስጥ አለ። የማይታሰርባቸው ሌሊቶች ግን በዝተዋል።

መምህርት፦ ታማሚ ሲቆጣ ወይም ሞትን ሲያነሳ ምን ይደረግ ብለሽ ያስተማርሽንንም ሰዎቹ በየቤታቸው እየደጋገሙት ነው። ሲቆጣ አንድ ሰው ብቻ ያናግረው፤ አትክበቡት፤ የሚወጣበትን በር አትዝጉበት፤ ቢላውን አስቀድማችሁ አንሡ።

ሲስተር፦ ሞትን ካነሳ ደግሞ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። የፀረ ተባይ መርዙንና ትርፉን ኪኒን ቆልፉ፤ ብቻውን አትተዉት፤ ይዛችሁት ኑ።

መምህርት፦ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ፤ እንዳትቀየሚኝ። ይህን ሁሉ የምታስተምሩን ለኛ ብላችሁ ነው ለናንተ? እንዲህ እያልሽ እንዲህ እያልሽ ነርስም፣ ጥበቃም፣ ፋርማሲም አደረግሽኝ። ፋርማሲያችሁ ስሄድ "አልቋል፤ ከውጭ ግዢ" ይሉኛል። አልጋ ስጠይቅ ሞልቷል። ትምህርት ብቻ ነው የማያልቀው!

ሲስተር፦ እውነትዎን ነው።

መምህርት፦ እውነትሽን ነው ብለሽ አታምልጪ።

ሲስተር፦ አላመልጥም። ይህች አገር ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ብቻ ነው የነበራት፤ አማኑኤል። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበር። ስለዚህ ቤተሰብ አስታማሚ የሆነው ማንም መርጦት አይደለም፤ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። እኔ ልብ የምለው ሌላም ነገር አለ። አዳራሹን ዞር ብዬ ሳይ እናት፣ እህት፣ ሚስት ነው የሞላው። ከእኚያ አባትና ከጋዜጣው ጎረምሳ በስተቀር ወንድ የለም።

መምህርት፦ ወንዶቹማ ገንዘብ ይልካሉ። ሜሪላንድ ያለው ታላቅ ወንድማችን በየወሩ ዶላር ከነትእዛዙ ነው የሚልከው። "ሆስፒታል አስገቡት፤ ለምን አይሠራም? ለምን ይተኛል?" ይለኛል በስልክ። አንቺ ያስተማርሽንን በድምፅ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁለት። መጀመሪያ አኮረፈ። ባለፈው ግን ደውሎ "አንቺስ ተኝተሻል?" አለኝ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ሲስተር፦ እና ትምህርቱ ይቅር ነው የሚሉኝ?

መምህርት፦ መች ወጣኝ! የትምህርቱ ጊዜ መድኃኒቱ ለመጥፋቱ ማካካሻ አይሁን ነው የምልሽ። "ቤተሰቡ ሠልጥኗል" የሚል ሪፖርት ጽፋችሁ ወደ ላይ ልካችሁ እንዳትተኙ።

ሲስተር፦ ሶዶ ወረዳ ላይ የተሠራው ጥናት እርስዎ ለሚሉት ምስክር ይሆናል። በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ወጥቷል፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ጤና ጣቢያ መታከም ብቻ፤ ሌሎቹ ሕክምናውን ይዘው፣ በተጨማሪ ከዚያው አካባቢ ተመልምሎ የሠለጠነ ሰው ቤታቸው ድረስ ይመጣል። ቤተሰቡን ያስተምራል፤ ታማሚው ወደ እርሻው፣ ወደ ማኅበሩ እንዲመለስ ያግዛል፤ የአካባቢውን ሰው ያነጋግራል። ከዓመት በኋላ ቤት ለቤት የተረዱት በዕለት ኑሯቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

መምህርት፦ ልብ በይ፤ በሁለቱም በኩል ሕክምና ነበረ። ትምህርቱ በሕክምናው ላይ ተጨመረ እንጂ በሱ ቦታ አልገባም።

ሲስተር፦ ይህን ለአለቆቼ በእርስዎ አፍ ብነግራቸው ይሻላል። በዚያ ላይ ሰውዬው ቤት ድረስ ነው የሄደው። የኛ አዳራሽ በሩ ላይ ትልቅ ታፔላ አለው፤ ስንቱ ታፔላውን አይቶ ከበር ይመለሳል። አንዳንዴ እድር ላይ ብናስተምርስ ብዬ አስባለሁ፤ እድር የማይደርስበት ቤት የለም።

መምህርት፦ እድር ላይ ስለ ሕመሙ ለሁሉም አስተምሪ፤ ጥሩ ነው፤ ነገ ሰርቪስ ቤት የሚዘጋበት ሰው ይቀንሳል። የታማሚ ቤተሰቦችን ለይተሽ እድር ፊት አትሰብስቢ ግን። ያን ቀን ማን እንደመጣ እስኪመሽ ሰፈሩ ያውቀዋል።

ሲስተር፦ እሺ። አሁን እኔም ልጠይቅዎት። ናሚ ያልኩዎት ማኅበር በ1991 አንድ ትምህርት ጀምሯል፤ ያዘጋጀችው ጆይስ በርላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ቤተሰቧም ውስጥ ሕመሙ ነበረ። ቤተሰብን የሚያስተምሩት የታማሚ ቤተሰቦች ራሳቸው ናቸው። በ2011 በወጣ ጥናት ትምህርቱን የወሰዱት ሰዎች እውቀታቸውም፣ ችግሩን የመቋቋም አቅማቸውም ጨምሮ ተገኝቷል። እኔ ስናገር ሰው ማስታወሻ ይይዛል፤ እርስዎ ስለ ወጡ ሲናገሩ ግን ሦስት ሰው አለቀሰ። ቀጣዩን ዙር ያስተምሩልኝ።

መምህርት፦ ወንድሜን አስፈቅጃለሁ።

ሲስተር፦ ይፈቅድልዎታል?

መምህርት፦ የመጨረሻው ቅዳሜ ማታ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "ስለ እኔ ተማርሽ፤ ጥሩ። እኔ ስለ እናንተ የምማረው መቼ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እሱ በሌለበት ምሥጢሩን ለስንት ሰው ዘርዝሬያለሁ፤ ያ ወጥ እኮ የሱ ወጥ ነው። ስለዚህ ከፈለገ እሱም ይናገር፤ ካልፈለገ ስለሱ የምናገረውን እሱ ይምረጥልኝ።

ሲስተር፦ ይህ እኛ ጋ ተደርጎ አያውቅም።

መምህርት፦ ታዲያ ይደረጋላ። ሌላም አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶና ሰርግ ነው፤ ወደ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዙሪው። ስላይድ የለም። ክፍሉ ታፔላ የሌለው ይሁን። ከሩቅ ለሚመጡት ደግሞ የታክሲ ይሰጣቸው።

ሲስተር፦ የታክሲውን እኔ ቃል ልገባ አልችልም፣ ቲቸር። በጀት የለውም።

መምህርት፦ የሚችለውን ጠይቂያ። ከሰበታ የሚመጡት ሴትዮ ሁለት ታክሲ ነው የሚይዙት፤ ባለፈው የቀሩት ሰልችቷቸው አይደለም። መልሱን ማክሰኞ ንገሪኝ። ከሰዓት በፊት ደውይ፤ ከሰዓት ወንድሜ መርፌውን የሚወጋበት ስለሆነ አብሬው ነው የምውለው።